ወንዝ ዳር የተደረገ ተየሙም

ስሟ ዛሬ በማይታወስ አንዲት የጥንት ከተማ ሐጂ ዘይኑ የሚባሉ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ቆዳ ማልፊያቸው የከተማዋ ትልቁ ስለነበር ግማሹ ሰው የሚያድረው በእሳቸው ሥራ ነው። ዘካቸው አይዘገይ፣ ሶላታቸው አያልፍ። ለሶላት የሚታጠቡትን ውዱእ የሚያደርጉት ታዲያ ከማልፊያው በላይ፣ ወንዙ ጠርቶ ከሚወርድበት ቦታ ነበር።

አንድ ቀን ከታች ባለችው መንደር ወዳጃቸው ሞተና ለጀናዛው ሶላት ወረዱ። እዚያ ያዩት ነገር ባሉበት አቆማቸው። ወንዙ ሞልቶ እየፈሰሰ፣ ሰዉ ጀርባውን ሰጥቶት መዳፉን አፈር ላይ እያሳረፈ ፊቱንና እጁን ያብሳል። ውሃ ላጣ ሰው የተፈቀደውን ተየሙም ወንዝ ዳር ቆመው ያደርጋሉ።

«ሸህ አወል፣ ውሃው አጠገባችሁ እያለ?» ሲሉ የመንደሩን ኢማም ጠየቁ።

ኢማሙ አቀረቀሩ። «ከእናንተ ማልፊያ ወዲህ ቀለሙም ሽታውም ተለውጧል፣ ሐጂ። በነጃሳ ቆሻሻ የተለወጠ ውሃ ለውዱእ አያጠራም። ከሩቅ ምንጭ የምንቀዳው ደግሞ ለልጆቹ መጠጥ እንኳ አይበቃም።»

«ታዲያ ምነው ዝም አላችሁኝ?»

«በየረመዷኑ ሰደቃዎ ይደርሰናል። በምን አፋችን እንናገር?»

ሐጂ ዘይኑ አፈሩ። ሰደቃቸው አፍ መዝጊያ ሆኖ መክረሙ ያን ጊዜ ገባቸው።

እንደተመለሱ ሥራው እንዲቆም፣ ዝቃጩም ከወንዙ ርቆ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ እንዲቆፈር አዘዙ። የማልፊያው አለቃ ኸድር ደነገጠ።

«ሐጂ፣ የሲራራ ነጋዴዎቹ መንገድ ላይ ናቸው። ቆዳውን ካላገኙ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። ሠራተኛውስ ምን ይብላ?»

«ሠራተኛው ይቆፍር፤ እኔ እከፍለዋለሁ።»

ነጋዴዎቹ እንደተፈራው ወደ ሌላ ማልፊያ ሄዱ። ሐጂም ለደመወዙ ሲሉ የሚኮሩባቸውን በቅሎዎች ሸጡ። ሐጂ ጃጅተዋል ያለም አልጠፋ። ዝቃጩ ወደ ጉድጓዱ ዞሮ፣ ክረምቱም አልፎ ወንዙ ሲጠራ ግን በእግራቸው ወረዱና ከመንደሩ ሰው ጋር ተሰልፈው ውዱእ አደረጉ። ሸህ አወል እጃቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ አለቀሱ።

ኸድር «ይህን ሁሉ ከስረው ምን አተረፉ?» ቢላቸው እንዲህ አሉት፦

«ለቂያማ የፍርድ ቀን ሰደቃዬን ስቆጥር ኖሬ፣ ለካ ባለሐቆቼ ከታች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር።»

ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች ፍሳሻቸውን ማጣራት፣ ውሃና ደኑን መንከባከብ ይዘዋል። አንዱ ደንበኛው ስለጠየቀው፣ ሌላው ሕግ ፈርቶ፣ ሌላውም ነገ የሚሠራበት ውሃ እንዳይነጥፍበት ብሎ ነው። ይሁን፤ ከታች ያለው ሰው ውሃው ይጥራለት እንጂ ምክንያቱን አይመረምርም። ሐጂን የምንወዳቸው ግን ከሳሽ ሳይመጣባቸው የሰው ሐቅ ስለከበዳቸው ነው። የዘመናችን ባለፋብሪካዎችም ሌላው ሁሉ ቢቀር፣ አንድ ቀን የቀትሩን ሶላት ዙህርን ከፋብሪካቸው በታች ባለው መስጊድ ይስገዱ፤ ውዱኡንም እዚያው ያድርጉ።