አይበገሬና የቡሄ ጅራፍ

አታምኑኝም። እንወራረድ! ካመናችሁኝ የቡሄ ሙልሙሌን ግማሹን እሰጣችኋለሁ። ካላመናችሁኝ ነገ የእኔን ተራ ሰሃን ታጥባላችሁ። «ግማሹን ብቻ?» ያለው ማነው? አንተ ከአሁኑ እጅጌህን ሰብስብ።

በሉ፣ ተረቴ ደጅ ቆማለች። «ትግባ!» በሏት። ኧረ ጮክ በሉ፣ ዝናብ እየመታት ነው! እሺ፣ ገባች።

ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ አያ ድልነሳ የሚባል ሰው ነበር። ክንዱ እንደ ሞፈር፣ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ። ሚስቱ እትዬ ስንዱ፣ አንድያ ልጁ ደግሞ አንጓች ትባላለች። አንድ ቡችላም ነበረው። ስሙን ስሙልኝ፤ አይበገሬ!

ቀበሮ ሲመጣ እውነትም አይበገሬ ነው። ጅራፍ ሲጮህ ግን፣ ጧ! ሲል፣ አይበገሬ አልጋ ሥር ነው። ጧ! አይበገሬ ጎተራ ላይ ነው። ጧ! አይበገሬ ጎረቤት ቤት ነው።

የቡሄን ሰሞን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ወንዶቹ ጅራፍ ገምደው ሲያጮሁ ይከርማሉ። አንዱ ጧ! ሲያደርግ ሌላው ካልመለሰለት ያመዋል።

ነሐሴ አንድ ቀን የመጀመሪያው ጅራፍ ጮኸ። አይበገሬ ዘለለና የሽሮውን ድስት ደፋው። አያ ድልነሳ እንደ እብድ ተነሳ።

«ዝም በል! ተቀመጥ! አትፍራ!» ብሎ ጮኸ። ቡችላው ጭራሽ በመስኮት ወጣ።

«ቡሄ ዕለት መንደሩ በሙሉ ደጄ ላይ ይቆማል። ይሄ ጉድ ሊያዋርደኝ ነው? ያን ቀን አንዴ ቢዘል ገደል አፋፍ ወስጄ ለጅብ እሰጠዋለሁ። ምዬአለሁ!»

አንጓች ቡችላውን ልትመልስ ሮጠች። አይበገሬን ዓይኑ ሳይገለጥ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። አባቷ ደግሞ ከማለ ማለ ነው።

«እስከዚያው ግን አስተምረዋለሁ» አለ አያ ድልነሳ። ወይ ማስተማር!

መጀመሪያ አጥሩ ላይ አሰረው። ጧ! ሲል አይበገሬ አጥሩን ይዞ ሮጠ። አጥሩ ድሮም የዘመመ ነበር። የጎረቤት ላሞች ገብተው በቆሎውን ጨረሱት።

«አንተ ሰውዬ፣ አጥራችን የት ሄደ?» አለች እትዬ ስንዱ።

ሁለተኛ ጓዳ ዘጋበት። ጧ! ሲል ጓዳው ውስጥ ዱብ ዱብ፣ ስብርብር! በሩ ሲከፈት ጥቁሩ ቡችላ ነጭ ሆኖ ወጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ የቡሄ ዱቄቴ በአራት እግሩ ሄደ!» አለች።

ሦስተኛ «ይልመደው!» ብሎ ራሱ ጅራፍ አነሳና ጆሮው ሥር አጮኸበት። ጧ! አይበገሬ በጌታው እግሮች መሀል ሾልኮ ሲወጣ ጅራፉ አያ ድልነሳን ቁርጭምጭሚቱ ላይ ተጠመጠመበት። በግንባሩ ጭቃ ውስጥ ተተከለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ኧረ ከሁለታችሁ ያልተማረው የቱ ነው?» አለች።

አንጓች ይህን ሰማች። በማግስቱ ጅራፍ ሲጮህ ቡችላውን ትታ አባቷን አየች። ጧ! ሲል ቀድሞ የሚዘለው ማነው? አባቷ! ቀድሞ የሚጮኸው ማነው? አባቷ! አይበገሬ መጀመሪያ እሱን ያይና ከዚያ ነው የሚሮጠው።

«አባባ፣ እሱ እኮ ጅራፉን ብቻ አይደለም የሚፈራው። ከጅራፉ በኋላ የሚመጣውንም ነው።»

«ምንድነው የሚመጣው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?» ብሎ ጮኸ። ዶሮዎቹ ተበተኑ።

«በቃ፣ ለእኔ ይተዉልኝ» አለች።

ሄዳ የመንደሩን ጎረምሶች ያዘቻቸው። «ጅራፋችሁን ወንዝ ማዶ ሆናችሁ አጩሁ። ቡሄ ዕለት ትልልቁ ሙልሙል የእናንተ ነው።» እሺ አሉ። ለሙልሙል ምን የማይሉት አለ?

ከሩቅ፣ ጧ! አይበገሬ ጆሮውን አቆመ። ሳይነሳ በፊት አንጓች ቁራሽ ዳቦ አፉ ውስጥ ከተተችለት። ጧ! ቁራሽ። ጧ! ቁራሽ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ከዚያ ልጆቹ ከወንዙ ወዲህ ወዳለው ዋርካ ቀረቡ። ጧ! ቁራሽ።

ከዚያ አንጓች ቸኮለች። በአንድ ጊዜ ደጃፍ ድረስ አመጣቻቸው። ጧ! አይበገሬ አልጋ ሥር! ስለዚህ ተመለሱ ወንዝ ማዶ! ከመጀመሪያው! እኔ ብሆን ፀጉሬን እነጭ ነበር። እሷ ግን ጥርሷን ነክሳ እንደገና ጀመረች፤ ወንዝ ማዶ፣ ዋርካው፣ ከዚያ ደጃፍ።

ቆይ፣ አባትየውስ? ልጆቹ ጅራፍ የሚያወጡት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ ነው። ጧ! ሲል አያ ድልነሳ አፉን ሊከፍት ነው። አንጓች ዋንጫ ሙሉ ጠላ ታስጨብጠዋለች።

«ይጎንጩ አባባ።»

ጠላ አፉ የሞላ ሰው እንዴት ይጮሃል? ጧ! ይጎንጩ። ጧ! ይጎንጩ። ምን እያደረገች እንደሆነ ለማንም አልተነፈሰችም።

ቡሄ ደረሰ። መንደሩ ደጃፍ ላይ ሞላ። ልጆቹ ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ። አንጓች ሙልሙል የሞላ ቅርጫቷን ይዛ ከቡችላው አጠገብ ቆመች። ሦስት ጎረምሶች ጅራፋቸውን አንድ ላይ አነሱ።

ጧ! ጧ! ጧ!

ሰው ሁሉ ወደ ቡችላው ዞረ። አይበገሬ ቁጭ ብሏል። ጭራውን እየቆላ የአንጓችን ቅርጫት ያያል። አልዘለለም! ሙልሙሉም አልተደፋ!

«እሰይ!» አለ መንደሩ።

ድንገት ግን እትዬ ስንዱ ሳቋ አመለጣት። «አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ምን ሆኗል?»

ሰው ሁሉ ዞረ። አያ ድልነሳ ፀጥ ብሎ ተቀምጧል። እጁ ተዘርግቷል። ዓይኑ የጠላው ማድጋ ላይ ነው። ባዶ እጁን አየ፣ ልጁን አየ፣ ቡችላውን አየ። ገባው!

«አንቺ!» ብሎ ሊያንባርቅ አፉን ከፈተ።

ጧ! አለ አንዱ ጎረምሳ።

አያ ድልነሳ አፉን ዘጋ። እጁን ዘረጋ።

መንደሩ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። እሱም መጨረሻ ላይ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? መሐላው ቀረ፣ ጅቡ ጦሙን አደረ፣ አይበገሬ አንድ ሙሉ ሙልሙል በላ። አያ ድልነሳም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቱ በውሻው ላይ ሲጮህ በሰማ ቁጥር እንዲህ ይል ነበር፦ «ዱላ ያስሮጣል እንጂ አያስቀምጥም።»

በሉ፣ ተረቴ ልትወጣ ነው፣ በሩን ልቀቁላት። እዚህ ብቻ እንዳትቀር ግን አደራ። ጅራፉ ሳይጀመር ውሻ ላለው ሰው ሁሉ ንገሩልኝ፤ በተለይ ከውሻው በላይ ለሚጮኸው። ለእሱ ስትነግሩት መጀመሪያ ዋንጫ አስጨብጡት።