አህያዋን ያስፈታ ጥርስ

የአንድ ገበሬ አህያ ከቀበሌው ሊቀመንበር ማሳ ገብታ ተያዘችበት። ሌላ ከብት የለውምና እንድትለቀቅለት ሊለምን ሄደ። ሊቀመንበሩ አቶ ደምመላሽ አጥንት ሲግጡ የሰበሩትን ጥርስ አዲስ አበባ ዚርኮኒያ የሚሉትን ሽፋን አስለብሰው ተመልሰው፣ ለጎረቤቶቻቸው ሲያወሩ ደረሰ።

«አይሸረፍም። ቀለሙም ከራሴ ጥርስ አይለይም። ና አንተ፣ የትኛው እንደሆነ ካወቅህ አህያህን ውሰድ፤ ካላወቅህ የኔ ናት» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

ገበሬው ጎንበስ ብሎ ቢያይ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ቀና አለና፣ «በግራ በኩል ያለው ነው፣ ጌታዬ» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«ድሮ ጥርስዎን የምናየው ሲቆጡን ነበር። ከአዲስ አበባ ከመጡ ወዲህ ግን ይስቃሉ፤ እሱንም በግራ በኩል ብቻ።»

ሊቀመንበሩ ከንፈራቸውን ገጠሙና፣ አህያዋ ወደታሰረችበት በአገጫቸው አመለከቱ።