ያልታየችው የጨው በር

ላምም በረትም የሌለበት፣ አንዲት በር ብቻ ያለችበት ተረት ልንገራችሁ።

ዶክተር እማዋይሽ የምትባል የአንጎል ተመራማሪ ነበረች። በነርቭ ሴል ግድግዳ ላይ ክሎራይድ የሚባለውን ጨው የምታስወጣ ትንሽ በር አለች። ያቺ በር ስትሰንፍ ሴሉ ይታወካል፤ ሰውም ተንቀጥቅጦ ይወድቃል። እማዋይሽ በሯን በዓይኗ ማየት ፈለገች፤ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ከባሕር ማዶ አንቲቦዲ አስመጣች። አንቲቦዲው በሯን ፈልጎ የሚለጠፍባት፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የሚያበራ ጠብታ ነው። "በል ተለጠፍልኝ" አለችው። "በብርድ ካላደርኩ አልለጠፍም" አለ ቅምጥሉ። አንቲቦዲው አይለጠፍም፣ በሯ አትታይም።

ፍሪጁን "አቀዝቅዝልኝ" አለችው። "መብራት ጠፍቶ በምን አቅሜ?" አላት። ፍሪጁ አያቀዘቅዝም፣ አንቲቦዲው አይለጠፍም፣ በሯ አትታይም።

ጄኔሬተሩን "ተነሥልኝ" አለችው። "በባዶ ሆዴ? ናፍጣ አምጪ!" ብሎ አኮረፈ። ጄኔሬተሩ አይነሣም፣ ፍሪጁ አያቀዘቅዝም፣ አንቲቦዲው አይለጠፍም፣ በሯ አትታይም።

ናፍጣውን "ውጣልኝ" አለችው። "መጋዘኑ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ጋሽ ደምለው ኪስ ነው" አላት። ናፍጣው አይወጣም፣ ጄኔሬተሩ አይነሣም፣ ፍሪጁ አያቀዘቅዝም፣ አንቲቦዲው አይለጠፍም፣ በሯ አትታይም።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ደምለው ደግሞ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ልጃቸው የሻረግ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ ያ የሚጥለው በሽታ ምንጩ ዳር ጣላት፤ አልተነሣችም። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ቀብር ሲወጣ እማዋይሽ "አንቲቦዲው ዛሬ ይገባል፤ ነገ እደርሳለሁ" ብላ ቀርታ ነበር። የሻረግን "በሽታሽ የሚገባበትን በር አገኝልሻለሁ" ያለቻት እሷው ራሷ ናት።

አሁንም ድንኳኑ ደጃፍ ቆማ፣ "እግዜር ያጽናዎት" እንኳ ሳትል፣ "ጋሼ፣ ቁልፉን" አለች። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ።

"ለልጄ ያልተቀመጠ ከእኔ ቁልፍ አይወስድም" አሉ ጋሽ ደምለው።

ጋሽ ደምለው ቁልፍ አይሰጡም፣ ናፍጣው አይወጣም፣ ጄኔሬተሩ አይነሣም፣ ፍሪጁ አያቀዘቅዝም፣ አንቲቦዲው አይለጠፍም፣ በሯ አትታይም።

እማዋይሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። "የሻረግዬ፣ አንቺን ትቼ በር ስፈልግ!" ብላ አለቀሰች። ቁልፉንም ረሳችው።

ሲመሽ ጋሽ ደምለው ራሳቸው ቁልፉን እጇ ላይ አኖሩ። ቁልፉ መጋዘኑን ከፈተ፣ ናፍጣው ወጣ፣ ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ፍሪጁ አቀዘቀዘ፣ አንቲቦዲው በብርድ አድሮ ተለጠፈ፣ በሯም በአረንጓዴ ብርሃን ታየች።

ከሠልስት በኋላ ጋሽ ደምለው መጡና ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው አዩ።

"ይህችን ለማየት ነው ከቀብር የቀረሽው?"

"አዎ ጋሼ።"

ከማይክሮስኮፑ ቀና አሉ። "እንግዲያው ደህና አድርገሽ እዪያት፣ ልጄ። የሌላ ሰው ልጅ አለች።"

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦውን ግን ለለቅሶው ቤት ውሰዱልኝ።