በደቦ የቀደመው ቀበሮ

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ እየተመካከረ በሚያድርበት ዘመን፣ ስሙ ተረስቶ ወንዙ ብቻ በሚታወስ አንድ አገር፣ ቀበሮና ጅብ፣ ጃርትና ኤሊ ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። አንድ ዓመት በበልግ ወንዙ ሞልቶ ወጣና መንደሩን ጠራርጎት ሄደ። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው። ጣሪያ ሳያገኝ ክረምት የገባበት ወዮለት!

ሽማግሌው አባ ኤሊ አውሬውን ሰበሰቡ።

«ከእንግዲህ ወንዝ ዳር አንሠራም፤ ኮረብታው ላይ እንወጣለን። በደቦ የአንዱን ጨርሰን ወደ ሌላው እንሄዳለን። እንደ ልማዳችን ምንም ያልተረፈው ይቅደም» አሉ።

አያ ቀበሮ ይህን ሲሰማ ከፋው። የእሱ ጎጆ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነች ጎርፉ ደጇንም አልነካም። ግን አሮጌ ናት።

«ጅብ አዲስ ቤት ውስጥ፣ እኔ አሮጌ ጎጆ ውስጥ? የት አባቱ!» አለና ማንም ሳያየው ምሰሶዋን ነቅሎ አፈረሳት። ከዚያም ጭቃ ላይ ተንከባሎ እያለቀሰ መጣ።

«አባ ኤሊ! ማገር እንኳ አልተረፈኝም!»

አባ ኤሊ ጎርፍ ሽቅብ እንደማይወጣ ያውቃሉ። ቢሆንም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው «እንግዲያው ቅደም፣ ልጄ» አሉት።

ደቦው ወጣ። አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ይማግራል፣ አንዱ ጭቃ ይረግጣል። አያ ቀበሮ ግን ጥላ ሥር ተጋድሞ «ወገቤን!» ይላል። ቤቱ አልቆ ሊገባ ሲል አባ ኤሊ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት።

«እንኳን ደስ ያለህ! መጀመሪያ የቆመ ቤት፣ የመጨረሻው ቤት እስኪከደን ድረስ የሁሉ ማደሪያ ነው። ገባ ገባ በሉ እንግዲህ!»

ይሄ ያባቶቻቸው ልማድ ነው። ቀበሮም ያውቀዋል፣ ስስቱ ግን አስረሳው።

እመት ጃርት ከነልጆቿ ገባች። አያ ጅቦ ከነማንኮራፋቱ ገባ። ምስኪን ቀበሮ ወደ ግራ ሲገላበጥ እሾህ፣ ወደ ቀኝ ሲገላበጥ የጅብ ትንፋሽ!

«እመት ጃርት፣ እባክሽ እሾህሽን ሰብሰብ አድርጊው!»

«አያ ቀበሮ፣ ይሄ እኮ ተሰብስቦ ነው!»

ጎህ ሲቀድ ቀበሮ ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ።

«ምን ትተኛላችሁ? የእመት ጃርት ቤት አይሠራም እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ወገቤን ሲል የነበረው፣ ግንድ ተሸክሞ ኮረብታውን ይወጣው ጀመር። የጃርት ቤት አለቀ። «ቀጥሎስ?» አለ። የጅብ ቤት አለቀ። «ቀጥሎስ?» አለ።

«የእርስዎስ፣ አባ ኤሊ?»

«የእኔ ጀርባዬ ላይ ናት። አንተ የጋራውን ጎተራ ክደን!»

ጎተራውም ተከደነ። ክረምቱ ገባ፤ ወንዙም ሞልቶ ወጣ፣ ግን የሚወስደው አላገኘም። ሁሉም በየጣሪያው ሥር ሆኖ ዝናቡን በደስታ ያይ ነበር። አያ ቀበሮም ደጁ ላይ ቆሞ «ይህን መንደር ማን ያቆመው መሰላችሁ!» እያለ ይፎክር ጀመር። እውነቱን ነውና ማንም አልተከራከረው። አባ ኤሊ ብቻ ፈገግ ብለው ወደ ጃርት ልጆች ዞሩና እንዲህ አሏቸው፦

«በተንኮል የቀደመ፣ የመንደሩን ግንድ ተሸከመ።»