ጃርትና የስፌት መምህሯ ዝንጀሮ

ድሮ ድሮ፣ አውሬ ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ስሙ በጠፋ አንድ አገር አንበሳ ነግሦ ነበር።

ይህ አንበሳ አንድ ቀን ደግ ነገር አሰበ። «ጀማሪ ባለእጅ ሁሉ የዓመት ቀለብ ከጎተራዬ ይሰፈርለት፤ የሚያስተምረውም ይመደብለት። በዓመቱ የገዛ እጁን ሥራ ያሳየ ገበያዬ ውስጥ ቦታ ያገኛል። ያላሳየ ግን ወደመጣበት ይመለስ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ።

ወጣቷ ጃርት ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ወስፌ አደረገችና፣ የስፌት ሣሯን፣ ስንደዶና አክርማዋን አዝላ ስፌት ልትማር መጣች። መምህር ሆኖ የተሾመላት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዝንጀሮ! ስፌት የት አውቆ? ምላሱ ነዋ ያሾመው! «ቅድመ አያቴ የነገሥታት ሞሶብ ሰፊ ነበሩ» ብሎ ነበር።

ጃርት በማለዳ መጥታ፣ «የኔታ፣ አጀማመሩን ያሳዩኝ» ስትለው፣

«ገና ነሽ ልጄ! እጅሽ አልበሰለም፤ ውሃ ቅጂ!» ይላታል።

በቅል ቀድታ ትመጣለች። እሱ እግሩን ይታጠብበታል፤ ከቀለቧም ግማሹን ቆርጥሞ ጥላ ሥር ያንኮራፋል።

«የኔታ፣ አክርማው እንዴት ይቀለማል?»

«ገና ነሽ ልጄ! እጅሽ አልበሰለም፤ ውሃ ቅጂ!»

ዓመት ሙሉ ይኸው ነው። ሲወራ እንኳ ደም ያፈላል! የእሷን እህል እየበላ፣ የእሷን ጉልበት እየጠጣ፣ መምህር ተባለ!

ጃርት ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ቅሉ ውስጥ በቀረችው ውሃ አክርማዋን እያራሰች፣ እሱ ሲያንኮራፋ እየሰፋች፣ ስታበላሽ እየፈታች ብቻዋን ተማረች። በዓመቱ አንድ ሞሶብ ወጣላት፤ ያየ ሁሉ አፉን ያዘ።

ቀኑ ሲደርስ ዝንጀሮ ሞሶቡን ቀምቶ ንጉሡ ፊት ቆመ። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ይህችማ ውሃ ከመቅዳት በቀር ምንም አልገባትም። ይመልሷትና የከርሞውን ቀለብ ለእኔ ያድርጉልኝ።»

የጃርት እሾህ ሁሉ ቆመ። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህን የሰፋ እጅ ሌላም መስፋት አያቅተውም። የኔታ እዚሁ ይጀምሩልን፤ እኔም እጀምራለሁ» አለች።

«መልካም» አለ አንበሳ።

ዝንጀሮ ደረቅ አክርማ አንሥቶ ሲያጥፈው፣ ቀሽ ብሎ ተሰበረ! ሌላ አነሣ፣ ቀሽ! ጃርት ግን አክርማዋን ይዛ በመጣችው የውሃ ቅል ውስጥ ነክራ አለሰለሰችና ከመሀል ጀምራ ማዞሩን ተያያዘችው።

«አንተ! አክርማ ሳይርስ እንደማይሰፋ አታውቅም?» ብሎ አንበሳ አገሣ። «ታዲያ ያን ሁሉ ውሃ ለምን ታስቀዳት ነበር?»

ዝንጀሮ ደንግጦ እውነቱ አመለጠው። «እግሬን... ልታጠብበት ነዋ!»

ጃርት ሞሶቧንም የገበያ ቦታዋንም አገኘች፤ መምህርነቱም ለእሷ ተሰጠ። ዝንጀሮ የበላውን ቀለብ በጉልበቱ ይካስ ተባለ። በማግስቱ ወስፌ ላንሣ ቢል፣ ጃርት ቅሉን አስጨበጠችው።

«ገና ነዎት የኔታ! እጅዎ አልበሰለም፤ ውሃ ይቅዱ!»

እንግዲህ ልጆች፣ ዝንጀሮ ቅል ተሸክሞ ወንዝ ሲወርድ ካያችሁ አትዘኑለት። በሰው እጅ የከበረ፣ በገዛ እጁ ተሰበረ።