አያ ጅቦ ያስቆረጠው ብስክሌት

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ብስክሌት መንዳት በለመዱበት ዘመን፣ አንበሳ በአንድ ገደል አናት ላይ ይኖር ነበር። ከሜዳው ወደ እሱ የሚያወጣው መንገድ ቋጥኝ በቋጥኝ ላይ የተቆለለበት ነው። አንበሳም እርጅና ሲጫጫነው፣ «እግሩን መሬት ሳያስነካ፣ በብስክሌት ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለለ እኔ ዘንድ የደረሰ መልእክተኛዬ ይሆናል፤ ከማዕዴም ይበላል» ብሎ አወጀ። ለመዘጋጃም ሦስት ሳምንት ሰጠ።

ማዕድ ሲባል የሰማ አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠና ወደ ብስክሌት ሠሪዋ ወደ እመት ጦጢት ሮጠ። እመት ጦጢት የፊት እግሮቹን በስንዝር ለካች፤ የኋላ እግሮቹንም ለካች።

«አያ ጅቦ፣ አንተ ከፊት ረጅም፣ ከኋላ አጭር ነህ» አለችው። «ስለዚህ ፍሬሙን ረዘም፣ መሪውን ከፍ አድርጌ እሠራልሃለሁ። መቀመጫ አይኖረውም፤ ድንጋይ የሚዘል ቆሞ ነው የሚነዳው።»

ብስክሌቱ ተሠርቶ ሲያልቅ ለጅብ ልክክ አለለት። በመጀመሪያው ሳምንት ጉልበቱን የሚያህል ድንጋይ ዘለለ፤ በሁለተኛው ደረቱን የሚያህል። በዕድሜው አንድ ነገር አሳምሮ ሲሠራ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እሱ ግን አላስተዋለውም፤ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበርና።

ዓይኑ ያለው ሰስ ላይ ነበር። ሰስ በሰኮናዋ ጫፍ ገደል ላይ የምትቆም፣ ፍየል እንኳ የማታህል እንስሳ ናት። ብስክሌቷም እንደ እሷው ትንሽ ነበረች፤ አጭር፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ ቀይ ቀለም የተቀባች። ሰስ በእሷ ላይ ቆማ እንጣጥ እንጣጥ ስትል ጅብ ሆዱ ይቃጠላል። ዞር ብሎ የራሱን ብስክሌት ሲያይ ግመል ይመስለዋል። ምሳውን እየተወ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ ያያት ጀመር። ጅብ ምሳውን ተወ ከተባለ እንግዲህ ቅናቱ ምን ያህል እንደጸናበት ገምቱ።

ይህን ያየች ቀበሮ ጠጋ አለችው። እሷም መልእክተኛነቱን ትመኘው ነበር፤ ልምምድ ግን አትወድም።

«አያ ጅቦ፣ ምነው ከሳህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ሰስን እያየህ ነው አይደል? እውነትም ታስቀናለች። እኔ ባልናገር ይሻለኝ ነበር እንጂ፣ እመት ጦጢት ለእሷ ተጨንቃ ተጠባ ሠርታ፣ ለአንተ የተራረፈ ብረት ነው የቀጣጠለችልህ ይባላል።»

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም። እንደ እሷ አጭር ቢሆንልህማ በዚያ ጉልበትህ ማን ይቀድምህ ነበር?»

ጅብ ሌላ አልጠየቀም። ብስክሌቱን እየገፋ ከእመት ጦጢት ደጃፍ ደረሰ።

«ቁረጪልኝ» አላት።

«ምኑን?»

«ፍሬሙን። በሰስ ልክ አድርጊልኝ። መሪውንም ዝቅ አድርጊው፤ ቀይም ቀቢው።»

«ይህ ብስክሌት የተለካው በአንተ ገላ ነው» አለችው። «ትናንት ያን ትልቅ ቋጥኝ ስትወጣ ዛፍ ላይ ሆኜ አይቼሃለሁ። ከሰስ በምንም አታንስም።»

«ለእሷ አድልተሽ ነው።»

«እሺ፣ መጀመሪያ ይቺን አጭር ብስክሌት ሞክራትና ወስን። ብረት ይቆረጣል እንጂ ተመልሶ አይረዝምም።»

«ወስኛለሁ» አለና ጥርሱን አሳያት።

እመት ጦጢት ከጥርስ ጋር አልተከራከረችም። ከፍሬሙ ሁለት ስንዝር ቆርጣ አወጣች፤ የቀረውን በየደችው፤ ቀይ ቀብታ ሰጠችው።

የውድድሩ ቀን ደረሰና አራዊት ተሰበሰቡ። ጅብ ቀድሞ ተነሣ። ረጃጅም የፊት እግሮቹ የሚዘረጉበት አጡ፤ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ተጋጨ፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ዞረ። የፊተኛው ቋጥኝ ከዚያ በፊት ያለ ጭንቀት ይዘለው ከነበረው ያነሰ ነበር። ጅብ ዘለለ። ጎማው ድንጋዩን ገጭቶ ቆመ፤ ጅብ ግን አልቆመም። በአፍንጫው ተተከለ።

ቀጥላ ቀበሮ ወጣች። ሦስቱን ሳምንት ያሠራችው ምላሷን እንጂ ብስክሌቷን አልነበረምና ሦስተኛው ቋጥኝ ላይ እግሯን አወረደች። ሰስ ግን እንጣጥ እያለች ከአንበሳ ፊት ደረሰች።

አራዊት ሲበተኑ ሰስ ወደ ታች ወረደች። ጅብ ከቀይ ብስክሌቱ አጠገብ ብቻውን ተቀምጧል።

«አፍንጫህን በጣም አመመህ?» አለችው።

«አፍንጫዬስ ይድናል። እኔን ያመመኝ ሌላ ነው። በአንቺ ቀንቼ ነው ደህናውን ብስክሌቴን ያስቆረጥሁት።»

ሰስ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እኔም በአንተ ቀንቼ ነበር» አለችው። «እኔ አሥር ጊዜ ዘልዬ የምወጣውን አንተ በአንድ ዝላይ ትወጣው ነበር። ቀበሮ መጣችና ‹አስረዝሚው› አለችኝ። እኔም ወደ እመት ጦጢት ሄድሁ። እሷ ግን አንድ ረጅም ብስክሌት አምጥታ ‹ሞክሪው› አለችኝ። መሪው ላይ እንኳ አልደረስሁም። አፍሬ ተመለስሁ።»

«ከዚያ ቅናቱ ተወሽ?»

«የት ይተወኛል? ዛሬ ጠዋት ስትመጣ እንኳ ልቤ ይመታ ነበር። ያን ረጅም ብስክሌትህን ብትይዝ ኖሮ ታሸንፈኝ ነበር።»

ጅብን ከመውደቁ ይልቅ ይህ አመመው።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ልክ ለመሆን የራሱን የሚቆርጥ፣ ያ ሌላው በእሱ ይቀና እንደነበር የሚሰማው ከቆረጠ በኋላ መሆኑን ነው።