የእናኑ እርጎ

በአንድ ወቅት፣ ከወንዝ ማዶ ባለች መንደር፣ እናቷ የሞተችባት እናኑ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ጉንፋኑም ተቅማጡም መንደሩን ሲዞር እሷን ሳይጥል አያልፍም። አባቷ አቶ ጓንጉል ጨነቀውና የሟች ሚስቱን ሦስት እህቶች ጠርቶ፣ «ይህችን ልጅ ከክፉ ቀን ላሻገረችልኝ የጡት ልጇ ትሁን፤ ‹እማ› ብላ ትጥራት» አላቸው።

ታላቂቱ ዘርፌ አልወለደችም፤ ‹እማ› መባል ያምራታል። አንዲት የምትታለብ ላም ነበረቻትና ለጉሮሮዋ ሳታስቀር ወተቱን ሁሉ ለእናኑ አደረገችው። ጥሬው ወተት ግን በልጅቷ ሆድ አልረጋ አለ።

መካከለኛዋ ብርነሽ ከእናታቸው የወረሰችው የእርጎ ቅል ነበራት። ተሟጦ ታጥቦ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከሥሩ እርሾ ይተዋል። የዘርፌ ወተት እዚያ ገብቶ እርጎ ሆነ። እርሾውን ግን ለእህቶቿ እንኳ አትሰጥም፤ «ከቤት ከወጣ በረከት አብሮ ይወጣል» ባይ ናት።

ታናሺቱ የሺሐረግ ላምም ቅልም የላትም። እናኑ እርጎውን ስትተፋው፣ እያባበለች፣ በማንኪያ በማንኪያ ክረምቱን ሙሉ አጠጣቻት።

እናኑ ጠነከረች። በመስከረም የመንደሩ ልጆች ሲስሉ እሷ ትቦርቅ ነበር። የታመሙትን ልጆች ልታይ የመጣች የጤና ባለሙያ፣ «በእርጎው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕያዋን አንጀቷ ገብተው፣ ለሰውነቷ ዘበኞች ጠላትን ከወዳጅ መለየት ሳያስተምሩ አልቀሩም» አለች። መንደርተኛው ግን «የብርነሽ ቅል! የብርነሽ ቅል!» ይል ጀመር።

የዘርፌ አንጀት አረረ። ወተቱ የእኔ፣ ስሙ የቅሉ! ቅናት አጥንት ያነቅዛል የሚሉት እውነት ነው። ብርነሽ ገበያ ስትወርድ ጠብቃ ቅሉን በፈላ ውሃና በግራዋ ቅጠል ፈግፍጋ አጠበችው፤ በወይራም አጠነችው። እርሾው ሞተ።

ከዚያ ወዲያ ወተቱ ይሸት እንጂ አይረጋም። ወር ሳይሞላ እናኑን አተኮሳት፤ ዓይኗን መግለጥ አቃታት። ብርነሽ «ቅሌን ማን ነካው?» ብላ ስትጮህ፣ ዘርፌ «ላሟንም አላየሁ፣ ወተቷንም አልጠጣሁ!» አለች። ላሟ ግን የራሷ ነበረች።

የሺሐረግ ወደ ቤቷ ሄደችና አንዲት ማሰሮ ይዛ ተመለሰች። «እህቴ፣ ይቅር በይኝ። ለልጆቼ ብዬ ከቅልሽ እርሾ ሰርቄ፣ በለመንኩት ወተት እያደስኩ አቆይቼዋለሁ።»

በዚያ እርሾ እናኑ ዳግመኛ ተነሳች። ያን ጊዜ ዘርፌ ድንጋይ ተሸክማ በሁሉም ፊት ተንበረከከች።

«ቅሉን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ቀንቼ ነው። አሁንም እቀናለሁ።»

አቶ ጓንጉል ነገሩን ይመዝን ጀመር። ያለ ላሟ ወተት የለም፤ ያለ ቅሉ እርሾ የለም፤ ያለ ሌባዋ ልጅ የለችም። አንዷ ሰስታለች፣ አንዷ ሰርቃለች፣ አንዷ አጥፍታ አምናለች፤ ልጅ የሌላትም እሷው ናት። በሉ እናንተ ፍረዱ፤ እናኑ ‹እማ› ብላ ማንን ትጥራ?